አያ ታረቀኝና የውስጥ አርበኛው

ዛሬ ጠዋት የልጄ ልጅ የሚጠዘጥዘኝን ጉልበቴን በካንፎር ቅባት ስታሸኝ፣ ሽታው ሰባ ዓመት ገደማ ወደ ኋላ መልሶ ጎንደር፣ ግንቡ ግቢ ውስጥ ከነበረችው ጠባብ ክፍል ደጃፍ አደረሰኝ።

ሙዚየም መባሏ ለክብሯ ያህል ነበር። የዛገ ጠመንጃ፣ አንድ የጣሊያን ቆብ፣ የተሰነጠቀ ኮዳና ግድግዳው ላይ የተደረደሩ ፎቶግራፎች፣ ሀብቷ ይኸው ነው። ዘበኛዋም፣ ጠራጊዋም፣ አስጎብኚዋም አያ ታረቀኝ ነበሩ። አምስቱን ዓመት በኮሶዬ ገደላገደል ሲዋጉ ኖረው አንድ እግራቸውን ጥይት ያሽመደመደባቸው አርበኛ ናቸው፤ የሾማቸው የለ፣ ደመወዝ የላቸው፣ ግን ዕቃው ብቻውን ምን ይናገራል እያሉ በየማለዳው ካኪ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ይመጡ ነበር።

ከሁሉም የሚፈራው ከዘራቸው ነበር። በጫፉ ፎቶግራፉ ላይ ያለውን ፊት አንድ በአንድ እየነኩ ይኸ አርበኛ፣ ይኸ ባንዳ ይላሉ፤ የተናገሩትም ሳይመሽ የጎንደርን አራዳ ያዳርሳል። ጣሊያን ከወጣ ወዲህ ጠላት ቤት ተቀምጬ ለወገን እሠራ ነበር የማይል ስላልነበረ ከተማው በውስጥ አርበኛ ተጥለቅልቋል፤ አያ ታረቀኝ ግን በዚህ ስም ንፉግ ነበሩ። ለማንም ሲሰጡት ተሰምቶ አያውቅም።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ አስተማሪያችን ሊያስጎበኙን ወሰዱን። እኔ ምን አውቄ፣ ከፊት ለመቆም ስጋፋ ከመጨረሻው ፎቶግራፍ ሥር ደረስሁ። መሐል ላይ የጣሊያን ሐኪም፣ ዙሪያውን የሆስፒታሉ ሠራተኞች፤ በቀኝ ጥግ ደግሞ ሪዙን አሳምሮ፣ የሐኪሙን ቦርሳ እንደ ስለት ልጅ አቅፎ የሚስቀው አባቴ ነበር። ይኸው ፎቶግራፍ እቤታችን በእናቴ ሣጥን ከልብስ ሁሉ ሥር ተቀብሮ ይኖራል፤ እንዳላወጣው እናቴ ለምን እንደምትቆጣኝ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንዲት ልጅ የባንዳ ልጅ የሚል ስም ወጥቶላት፣ አብሯት አግዳሚ ላይ የሚቀመጥ ጠፍቶ፣ ትምህርቷን ትታ ኮላ ድባ አክስቷ ዘንድ ገብታለች። እኔ ኮላ ድባም አክስት አልነበረኝም።

ከዘራው ከግራ ጀመረ። ይኸ ባንዳ። ይኸም ባንዳ። ይኸ እንኳ ኋላ ከድቶ ወደኛ መጥቷል። አባቴ ላይ ሲደርስ ቆመ። ዓይኔን መሬት ላይ ተከልሁ፤ ጎንደሬ የሰውን ዘር ሳይጠይቅ ከአፍንጫው ያነባል፣ እኔ ደግሞ የአባቴን አፍንጫ እንዳለ ተሸክሜዋለሁ። አያ ታረቀኝ ከፎቶግራፉ ወደ እኔ ዞረው ሲያዩኝ ይታወቀኛል።

«ይኸ ሸጋ ሰው ነው» አሉ በመጨረሻ። «የውስጥ አርበኛ ነበር። ለቁስለኛ መድኃኒት ይልክልን ነበር።»

ተመስገን! ከደስታዬ ብዛት ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። እቤት ድረስ መሬት ሳልረግጥ በርሬ፣ ማዕድ ላይ ለነበረው አባቴ ነገርሁት። አባቴ ያን ጊዜም ቁስል የሚያጥብ ድሬሰር ነበር። የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ አኖረው።

«ልጄ» አለኝ፣ «እኔ አንዲት ፋሻ እንኳ ልኬ አላውቅም። ፈርቼ ነበር።»

በዚያች ሙዚየም በር አልፎ የማያውቀው አባቴ በማግስቱ ቅዳሜ የካንፎር ቅባት በኪሱ ይዞ ሄደ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ከዚያ ወዲያ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ያን ሽምድምድ እግር ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሲያሽ ይውላል፤ ክፍሏም ካንፎር ካንፎር እያለች፣ ጎብኚው የጥንት ዕቃ ሽታ እየመሰለው በአክብሮት ያሸት ነበር።

አድጌ፣ እሳቸው ሊሞቱ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ያን ቀን ስለ እኔ ሲሉ መዋሸታቸውን አንስቼ ላመሰግናቸው ሞከርሁ። አያ ታረቀኝ ተቆጡ።

«ምነው ዋሸሁ? መድኃኒቱ መንገድ ላይ ቆየ እንጂ መች ቀረ።»

ዛሬ ሁለቱም የሉም፤ ፎቶግራፉም የት እንደገባ የሚነግረኝ አላገኘሁም። በሰው ላይ የሚቀሰር ከዘራ ዛሬም ሞልቷል፤ ከመናገሩ በፊት ከሥር የቆመችውን ልጅ የሚያይ ነው የጠፋብኝ። የልጄ ልጅ ዓይኔ እንባ ማቅረሩን አይታ አሳመምሁሽ እንዴ ብላ እጇን ሰበሰበች። አይ፣ ትንሽ ጨምሪበት አልኋት።