የማተሚያ ቤቱ አድራሻዎች

በሥራ ቦታዋ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «እሜቴ ደንብ» ነው የሚላት። አንድ ነገር ከመጀመሯ በፊት «ደንቡስ ምን ይላል?» ሳትል ስለማታልፍ ለማሾፍ ያወጡላት ቅጽል ነበር። እያደር ግን ራሷም ወደደችው፤ ስልክ ስታነሳ ሳይቀር «አቤት፣ ደንብ ነኝ» እያለች ታስቃቸዋለች።

ለአንድ ሰፈርና ለዙሪያው ገጠር ኢንተርኔት በሚያቀርብ ትንሽ ድርጅት የኔትወርክ ክፍል ኃላፊ ናት። ክፍሏ ምድር ቤት ነው። ማሽኖቹ ሲያጉረመርሙ ይውላሉ፤ የማቀዝቀዣው ንፋስ አጥንት ሰርስሮ ስለሚገባ በጠራራ ፀሐይ ሹራብ ደርባ ነው የምትገባው።

የድርጅቱ ጭንቅ የአድራሻ እጥረት ነበር። ኢንተርኔት ላይ ከውጭ በቀጥታ የሚፈለግ መሣሪያ ሁሉ፣ ልክ እንደ ቤት ቁጥር፣ የራሱ አድራሻ ያስፈልገዋል። ድርጅቱ ዘግይቶ ስለተቋቋመ የደረሰው እፍኝ የማይሞላ ነው። ብዙ ደንበኛ አንዱን አድራሻ ተጋርቶ ይጠቀማል፤ አንዱ ሲያጠፋ ሌላው አብሮ ይታገዳል። ከሁሉ የከፋው ግን የገጠር ጤና ጣቢያዎቹ ነገር ነበር። የሰፈሩ ሆስፒታል የማህፀን ሐኪም ምጥ የጠናባትን ሴት በስክሪን እያየች የጣቢያዎቹን አዋላጆች ትመራለች። ጣቢያዎቹ አድራሻ ስለሚጋሩ የአንዱን መስመር ስትይዝ የሌላው ይቋረጥባታል።

አንድ ቀን ሐኪሟ ደወለች። «እናቲቱ ተርፋለች፤ ልጁም ደህና ነው። ግን መጨረሻ ላይ ምስሉ ጠፍቶብኝ በድምፅ ብቻ ነው ያዋለድነው። እባክሽ እህቴ፣ አንድ ነገር አድርጊ» አለቻት። እሜቴ ደንብ ስልኩን ዘግታ የአድራሻ አሰጣጥ ደንቡን ገለጠች።

አድራሻ የሚያድለውና ማን የቱን እንደያዘ የሚመዘግበው ድርጅት ዘንድ የቀረ አዲስ አድራሻ የለም። ያለው መንገድ አንዱ ድርጅት የያዘውን ወደ ሌላው ማዛወር ነው። ለዚህም ደንብ አለ፤ ሰጪው ትክክለኛው ባለይዞታ መሆን አለበት፣ በይዞታው ላይ ክርክር ሊኖር አይገባም፣ ተቀባዩም ለምን እንደሚፈልገው ማስረዳት ይጠበቅበታል።

ሥራ አስኪያጁ ወሬ ይዞላት መጣ። «ያ የተዘጋው ማተሚያ ቤት ትዝ ይልሻል? ሽማግሌው አድራሻ እንደ ልብ በነበረ ጊዜ ትልቅ ጥቅል ወስደው ነበር። ከሞቱ ወዲህ የነካው የለም። ልጃቸው አብሮ አደጌ ነው፤ በነፃ ውሰዱት ብሎኛል።»

«ወራሹ እሱ ብቻ ነው?»

«እህት አለችው። ግን ሆድና ጀርባ ናቸው። እሱ ይፈርም፣ እኛ እንጠቀም። ማን ያያል?»

«እህቱ ነገ አቤት ብትል ሁሉም ነገር ይታገዳል» አለች። «ያን ጊዜ ሐኪሟ ምጥ መሃል ላይ መስመር ይጠፋባታል። እኔ እዚህ ውስጥ እጄን አላስገባም።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ድርጅቱን አዘግተሽ ልታርፊ ነው?» ብሎ በሩን ደርግሞ ወጣ።

በማግስቱ እህትየዋ ዘንድ ሄደች። ሴትየዋ መጽሐፍ ጠራዥ ናት፤ ጠባቧ ሱቋ ሙጫ ሙጫ ይሸታል፣ ክምር ወረቀት ጣሪያው ድረስ ወጥቷል።

«የላከሽ ወንድሜ ከሆነ በሩ ያውልሽ» አለች ቀና ሳትል።

«ማንም አልላከኝም» አለቻትና ስለ አድራሻዎቹና ስለ ሐኪሟ አንድ በአንድ አስረዳቻት። ጠራዧ መስፋቷን አቁማ አዳመጠች። ከዚያ ሳቋ መጣ።

«አባባ ሊሞት ሲል ‹ሰፊ ቦታ ይዤላችኋለሁ› ይለን ነበር። እኛ መሬት መስሎን ስንፈልግ ከረምን እኮ!»

ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ወዲያው ግን የጠራዧ ፊት ዳመነ። «እኔ አራስ ቤት ተኝቼ የአባባን ማተሚያ ማሽን ለአሮጌ ብረት ሰብሳቢ ሰጠው። አንድ ቃል ሳይነግረኝ። ለምን እንዳደረገው ራሱ መጥቶ ይንገረኝ፤ ያን ጊዜ እፈርማለሁ።»

ወንድምየው ፋርማሲስት ነው። ይህን ሲሰማ «እሷ ዘንድ እግሬን አላነሳም» አለ። እሜቴ ደንብ ግን በቀላሉ የምትለቅ አይደለችም፤ ከሥራ ስትወጣ ፋርማሲው ጎራ ትላለች፣ እሱም ሲያያት ወደ ጓዳ ይገባል። በመጨረሻ መደርደሪያው ሥር ያዘችው።

«ለማታውቃቸው እናቶች ያባትህን ሀብት ለመስጠት አላመነታህም» አለችው። «እህትህ የጠየቀችህ አንድ ቃል ነው። እሱን ለምን ሰሰትክ?»

ነጭ ጋዎኑን አውልቆ ሰቀለና ተከተላት።

የእህቱ ሱቅ በር ላይ ሲደርስ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። «አባባ ከሞተ በኋላ ስገባ ስወጣ ማሽኑን አየዋለሁ» አለ። «ድምፁ ጠፍቶ ቆሞ ሳየው እሱ ራሱ ፊቴ የተጋደመ እየመሰለኝ መተኛት አቃተኝ። ባማክርሽ ደግሞ እምቢ ትያለሽ ብዬ ፈራሁ።»

ጠራዧ መርፌዋን አስቀመጠች። «እምቢ እል ነበር» አለች። «ግን አብረን እናለቅስ ነበር።» ከበርጩማው ላይ የወረቀት ክምር አንስታ፣ «ግባ፣ በር ላይ አትቁም» አለችው።

እሜቴ ደንብ ሁለቱን ትታ ውጭ መንገድ ላይ ጠበቀች። ሲወጡ የወንድምየው ዓይን ቀልቷል፤ እህትየዋ ክንዱን ይዛዋለች። የዚያኑ ዕለት አብረው ፈረሙ።

መዝጋቢው ድርጅት ጥያቄውን አዥጎደጎደው፤ ወራሾቹ ማን ናቸው? ጣቢያዎቹ የት የት ናቸው? አድራሻው ለምን ይውላል? እሷም ለእያንዳንዱ መልስ ሰጠች፤ አንዷንም አላድበሰበሰችም። ሥራ አስኪያጁ ምስማር ላይ የተቀመጠ ይመስል መቆም መቀመጥ አቃተው። አንድ ጠዋት መልሱ መጣ። አንብባ ጨረሰችና እንደገና ከመጀመሪያው አነበበች።

«ጸደቀ» አለች። ምድር ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ።

አድራሻዎቹን ለጤና ጣቢያዎቹ አከፋፍላ መስመሩን ባበራችበት ቀን ወንድምና እህቱን ጠራቻቸው። ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ ሐኪሟ ታየች፤ ከዚያ አንድ ጣቢያ፣ ከዚያ ሌላው፣ በመጨረሻም ሁሉም አዋላጆች በየመስኮታቸው እጃቸውን እያውለበለቡ ሞሉት። ማንም አልተቋረጠም። ከሩቁ ጣቢያ ጥርት ያለ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ። አዋላጇ ገና መታጠቡ ያላለቀ ልጅ ከፍ አድርጋ አሳየች፤ ሐኪሟ «አየሁት፣ ጣቶቹን ሳይቀር አየሁ» አለች። ጠራዧ ፊቷን በወንድሟ ትከሻ ሸሸገች።

ሥራ አስኪያጁ ከኋላ ወደ ፊት ወጣ። «እኔ እኮ ገደል ልከታችሁ ነበር» አለ።

«ነበር» አለችው እሜቴ ደንብ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ማታ የአውቶቡስ ሹፌር ለሆነው ባሏ ደወለች። «በዚህ በኩል ስታልፍ ውሰደኝ፤ ጣቢያዎቹ ሁሉ ተገናኝተዋል» አለችው። እሱም ፌርማታው ላይ ሲደርስ ከመሪው ተነስቶ ወርዶ በሩን ያዘላት፤ ተሳፋሪውን ዞር ብሎ እያየም፣ «ቦታ ልቀቁላት፣ ዛሬ አንድ አገር ሙሉ አገናኝታ ነው የመጣችው» አለ። አንዲት እናት ፈገግ ብላ ጠጋ አለችላት። እሜቴ ደንብም ሹራቧን ጭኗ ላይ አጥፋ፣ እንደ ሙሽራ ቀጥ ብላ ከፊት ተቀመጠች።