ታብ ወይስ ስፔስ
ወልዲያ በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ ሦስት ሆነን ለገበሬዎች ዘር ማከፋፈያ የሚሆን የኮምፒውተር ፕሮግራም እንጽፋለን። እኔ ከመርሳ እመላለሳለሁ። ሁለተኛዋ ከጎጃም መጥታ ወልዲያ የምታስተምር መምህርት ናት፤ ሦስተኛው የሐራ ወጣት ነው። በዕድሜ ሁለቱንም ልወልዳቸው ምንም አይቀረኝም።

ኮድ ሲጻፍ በአንድ ትእዛዝ ሥር የሚያድሩት መስመሮች ከግራው ጠርዝ ገባ ብለው ይቀመጣሉ። የትኛው በየትኛው ሥር እንደሆነ እኛም ኮምፒውተሩም የምንለየው በዚያ ነው። አንዳችን ታብ የሚባለውን ቁልፍ፣ ሌላችን ስፔስ የሚባለውን የባዶ ቦታ ቁልፍ እየደጋገምን እየተጫንን ሥራው ስለተዘበራረቀ፣ አንድ ደንብ እንዲኖረን ልንመክር ተቀመጥን።

ምክራችን ከታናሽ ይጀምራል፤ ትልቅ ሰው መጨረሻ ላይ ተናግሮ፣ መርቆ ይዘጋል። ይህን ወግ ከአባቶቼ ይዤ ቢሮው ያስገባሁት እኔው ነኝ።

የሐራው ወጣት «አራት ስፔስ ይሁን፤ በሁላችንም ኮምፒውተር እኩል ይታያል» አለ። መምህርቷም ደገፈችው።

«አንቱስ ምን ይላሉ ጋሼ?» አለችኝ።

እኔ የምፈልገው ታብ ነበር። ታብ የሚተወውን ባዶ ቦታ ማንም በራሱ ኮምፒውተር ላይ ማጥበብ ይችላል፤ ስፔስ ግን እንደተጻፈ ይቀራል። ዓይኔ እየደከመ ስለሄደ ፊደሉን እጅግ አግዝፌ ነው የማነበው፤ በስክሪኔ ላይ የሚገባው ጥቂት ቃል ብቻ ነው፤ ባዶ ቦታው ሲሰፋ ቃሉ ከስክሪኑ ይወጣብኛል። መነጽር እንደማያቀናው ሐኪሙ ነግሮኛል። ለማንም አልተናገርኩም። ከዚህ ሌላ የምበላበት ሙያ የለኝም።

ታዲያ ሁለቱ የተስማሙበትን ሽማግሌ ሆኜ እንዴት ላፍርስ? «እግዜር ስምምነታችሁን ይባርክ» ብዬ መረቅሁ። እሱ አሚን፣ እሷ አሜን አሉ።

ማታ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ ሲሪንቃን አልፈን መርሳ እስክንገባ ሚኒባሱ ውስጥ በገዛ ምርቃቴ እየተናደድኩ ተቀመጥኩ። «ዝም አይነቅዝም» ያለው ሰው ኮድ ጽፎ አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ ኮዱ ሁሉ ወደ ቀኝ ሸሸብኝ። ስክሪኑን ወዲያና ወዲህ እየጎተትኩ ሳነብ፣ መጨረሻውን ሳገኝ መነሻው ይጠፋኛል። አንድ ቀን አንዲት መስመር ያለቦታዋ አስገብቼ የዘሩ ድልድል ተበላሸ። ገበሬው ዘንድ ሳይደርስ ያገኘው የሐራው ወጣት ነው። ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና ስክሪኑን ስጎትት አየኝ።

«ወላሂ ጋሼ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ከሰዓት በኋላ ደንቡን እንደገና እንድናየው መምህርቷን ጠራት። ከእሱ ነበር መጀመር ያለበት፤ እሱ ግን ወደ እኔ ዞረ።

«ዛሬ አንቱ ይጀምሩ።»

መጨረሻ ላይ መናገር ስለለመድኩ፣ ቀድሞኝ የተናገረ ሰው ሳይኖር አፌን መክፈት ከበደኝ። መምህርቷ ፊት ለፊቴ ናት፤ ተቆጥታ ይሁን ተጨንቃ፣ ፊቷን አልለየሁትም።

«ዓይኔ እየጠፋ ነው» አልኩ። «በታብ ካልሆነ ከእናንተ ጋር መሥራት አልችልም።»

ከዚያ መምህርቷ ኮምፒውተሯን ወደ ራሷ ሳበች። ስፔሱን ሁሉ በታብ ለመቀየር ደቂቃ እንኳ አልፈጀባትም። እኔ አለቀስኩ።