የማላውቀው ቁልቁለት

ከፀሐይ ወደ ጨለማ ገፍተው ሲያስገቡኝ መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው። ሰዎች ግድግዳ ተደግፈው፣ እግራቸውን ሰብስበው ተቀምጠዋል። መስኮት የለም። ከበሩ በላይ ባለች ሽንቁር በምትገባው ብርሃን አንድ ጎልማሳ እጃቸውን እያወናጨፉ ያወራሉ፤ ሌላው ሁሉ ጸጥ ብሎ ያዳምጣል። መግባቴን ልብ ያለ የለም። ያኔውኑ ቅር አለኝ።

ሰውየው የከብት ሐኪም ነበሩ። በአንድ ተራራማ ወረዳ ሲሠሩ ከብት ለመከተብ በእግራቸው ያልረገጡት ቀበሌ የለም። የታሰሩት ጫካ ለገቡ ሰዎች መንገድ አሳይተሃል ተብለው ነው፤ እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ በተበተነ ወረቀት ተጠርጥሬ።

ከምሳ በኋላ ሁላችንንም በወሬ አገራቸው ይወስዱናል።

«አፋፉ ላይ ስትቆሙ ጅባራው በውርጭ ነጥቶ ይታያችኋል» ይላሉ። «ጭላዳው ከገደሉ ወጥቶ ጓሳውን ይነጫል። ቁልቁል ስትወርዱ ገብሱ ያልቅና ስንዴው ይመጣል፤ ከዚያ ጤፉ። ወንዙ ዳር ስትደርሱማ ሙቀቱ ልብስ ያስወልቃል።»

አንዱ እስረኛ ሳይታወቀው ሹራቡን አውልቆ ኖሯል። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

የእኔ ሳቅ ግን ከአንገት በላይ ነበር። የተወለድኩት ቆርቆሮ ከቆርቆሮ በተጋጠመበት ግቢ ነው፤ ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ አጥርና የመብራት ገመድ ነው። ለማንም የማይራራው የክፍሉ ካቦ እንኳ በሩ ሥር ያለውን፣ አየር የሚያገኘውን ቦታ ለቀቀላቸው። እኔ ከሽንት ባልዲው አጠገብ ሆኜ «አሁን ይሄ ሰውዬ ታሰረ ይባላል?» እላለሁ በልቤ።

አንድ ጠዋት ተጠራሁ። መርማሪው ሻይ አዘዘልኝ።

«ሐኪሙ ስለ አገሩ ያወራል አሉ።»

«ያወራሉ።»

«ከአፋፉ ወደ ወንዙ የሚያወርድ ስውር መንገድ አለ። በየት በኩል ነው? እሱን ንገረኝና እናትህ ዛሬውኑ ገብታ ትይህ።»

አውቀው ነበር። እሳቸው እንዳወሩልን፣ ከፏፏቴው በስተግራ አስታ ቁጥቋጦው መሀል ይገባል፣ ዋሻ ያለበትን ቋጥኝ ይዞራል። ከሰፈሬ መንገድ ይበልጥ አውቀው ነበር። ቅናቴም አብሮኝ ተቀምጧል። «ተናገር፣ እስቲ እሳቸውም እንዳንተ ባዶ ይሁኑ» ይለኛል።

«እኔ የከተማ ልጅ ነኝ» አልኩት። «ስለ ላም በሽታ ሲያወሩ እንቅልፍ ይወስደኛል።»

በጥፊ ሲለኝ ሻዩ ተደፋ። እናቴም ሳትገባ ቀረች።

ስመለስ ሐኪሙ ጉንጬን አዩ።

«ስለ እኔ ጠየቁህ?»

«ስለ መንገዱ።»

«ምን አልካቸው?»

«አላውቀውም አልኩ።»

ከዚያ ተነስተው ቦታቸውን ለቀቁልኝ፤ እምቢ ብል እጄን ይዘው አስቀመጡኝ። «ዛሬ አንተ አውራን፣ ስለ ሰፈርህ» አሉ። ጉሮሮዬን ጠርጌ ስለ ክረምቱ ጎርፍ፣ ጣሪያችንን ስለሚደበድበው በረዶ አወራሁ። አዳመጡኝ። እንደ እሳቸው ግን አልሆነልኝም፤ ሹራቡን ያወለቀም የለበሰም አልነበረም።

ብዙ ሳይቆይ ወደ ሌላ እስር ቤት ወሰዷቸው። ተፈተው አገራቸው መግባታቸውን የሰማሁት እዚህ አትላንታ፣ ዳውንታውን ፓርኪንግ ስሠራ፣ አብሮን የታሰረ ሰው ደውሎልኝ ነው። ደስ አለኝ። ያ የድሮው ነገርም አብሮ መጣ።

በቀደም ኦፍ ስሆን ባለቤቴ ከምንኖርበት ከሊቶኒያ ይዛኝ ወደ ሰሜን ጆርጂያ ተራሮች ነዳች። አንድ ከፍታ ላይ ፓርክ አድርጋ ወረድን። ሸንተረር ከሸንተረር ጀርባ ሰማያዊ እየሆነ ይሄዳል፤ ሸለቆው ጉም ሞልቶታል።

«ሲያምር! ምነው ዝም አልክ?» አለችኝ።

«የሰው አገር ነው» አልኳት።

አሜሪካን ያልኩ መስሏት «ዜጋ ሆነን የለ እንዴ!» ብላ ሳቀች።

እኔ ግን የእሳቸውን አገር ነበር ያልኩት። ይሄን ጊዜ በዚያ መንገድ ወደ ወንዙ ይወርዱ ይሆናል። ቀናሁባቸው።