እትዬ አስካለ ያስቀሯት ደፍ

ሥራዬ ሴራሚክ ማንጠፍ ነው። ባለፈው ክረምት ራጉኤል አካባቢ እትዬ አስካለ የሚባሉ ሴትዮ ቤት ሠራሁ። የሳሎናቸው ወለል ከመኝታ ቤቱ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ስለሚል በሩ ላይ ደፍ ሠርቷል።

«ሳሎኑን በሲሚንቶ ሞልቼ እኩል ላድርገው» አልኳቸው።

«ደፏን እንዳትነካት!»

«ሰው ያደናቅፋል እኮ፣ እትዬ።»

«ያደናቅፍ!»

መኝታ ቤት ሬዲዮ የሚያዳምጡትን ባለቤታቸውን ጠየቅኳቸው። «እሷን ጠይቃት» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

«ለምን እንደሆነ ይንገሩኛ» አልኳቸው ተመልሼ።

እትዬ ወደ መኝታ ቤቱ አመሩና አውቀው ደፏን በእግራቸው መትተው ተንገዳገዱ።

«እኔን ይድፋኝ!» አሉ ባልየው ከተቀመጡበት ብድግ ብለው።

እትዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ሰማህ? ከፋሲካ ጀምሮ አኩርፎኛል፤ የሚያናግረኝ ስደናቀፍ ብቻ ነው።»