ብረቱ እምቢ አለ

ኮረብታው ስም አልነበረውም። በካርታ ላይ ቁጥር ነበረው፤ እኛ ግን «ጉልበቴ» እንለው ነበር። ውኃ ተሸክሞ የወጣ ሁሉ ጫፉ ላይ ሲደርስ የሚለው ይህንኑ ስለነበረ ነው። ከበስተጀርባው መኪና የሚያስጠልል ገደል አለ። ከፊቱ ሜዳ ነው፤ ከሜዳው ማዶ ደግሞ እነሱ ነበሩ።

እኔ ተኳሽ አልነበርኩም። ሃምሳ አለቃ ታደሰ እባላለሁ፤ የክፍሉ መካኒክ ነበርኩ። ጦርነቱ ያለፈብኝ ከመኪና ሥር በጀርባዬ ተኝቼ፣ ናፍጣ ዓይኔ ውስጥ እየገባ ነው። ስለዚህ ጀግንነት የሚጠብቅ አንባቢ እዚሁ ቢያቆም አልቀየመውም። የምጽፈው ስለ አንድ ኩሽኔታ ነው፤ ጎማ በዘንጉ ላይ እንዲሽከረከር ስለሚያደርገው የብረት ቀለበት። እሱን ሳልፈታ በመመለሴ የደረሰውን ከሠላሳ ዓመት በላይ አጣምሜ ሳወራ ኖሬያለሁ።

ትእዛዙ የደረሰን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። እግረኛው ሌሊቱን ለቆ ወጥቷል። እኛ መድፉንና ቁስለኞቹን ይዘን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በፊት ከኋላችን ወገን ወደያዘው የተራራ በር ማፈግፈግ ነበረብን። ሁለት መኪና ነበረን። አንደኛው መድፉን ይጎትታል፤ የፊት ጎማው ኩሽኔታ ተሰባብሮ ቆሟል። ሁለተኛው ቁስለኞች የሚጫኑበት ነው፤ ሾፌሩ ግርማ ይባላል። የእነዚሁ ዓይነት ሦስተኛ መኪና ከፊታችን ሜዳው ላይ ነበረ። ከሁለት ቀን በፊት ሞተሩ ተመትቶ እዚያው ቀርቷል፤ ጎማዎቹ ግን ደህና ነበሩ።

ሻምበሉ ጠራኝና «ከዚያ ላይ ፈትተህ አምጣ» አለኝ። «ስንት ጊዜ ይፈጅብሃል?»

«አንድ ሰዓት፣ ጓድ ሻምበል።»

«እስከ አምስት ሰዓት ጊዜ አለህ» አለ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ሰጠኝ ማለት ነው።

ግርማ አብሮኝ ሊሄድ ተነሣ። ማንም አላዘዘውም። የአራዳ ልጅ ነው፤ ከራስ መኮንን ድልድይ በታች ተወልዶ ያደገ፣ ምላሱ ከእጁ የሚፈጥን። እኔ ከገጠር ስለመጣሁ ስሜን ትቶ «ፋራው» ይለኛል። «ፋራው ሜዳ ካየ ማረስ ይጀምራል፤ ብቻውን አይሂድ» አለና የነጭ ጋዙን ጠርሙስ ይዞ ተከተለኝ።

በደረታችን ተስበን ደረስን። መኪናውን በክሪክ አነሣነው። የጎማውን ብሎኖች ፈታን። ጎማው ወጣ። መካከል ያለውን ትልቁን ማሰሪያ፣ ዳዶውን፣ ፈታሁ። የቀረው ሞዞው ነበር፤ ጎማው የሚታሰርበት፣ ኩሽኔታውን በሆዱ የያዘው ክብ ብረት። ሳብኩት። አልተነቃነቀም። ክረምቱን በወንዝ ውስጥ ስናመላልሰው ስለከረምን ኩሽኔታው ከዘንጉ ጋር ዝጎ ተያይዟል።

በማርቴሎ መታሁት። ድምፁ ሜዳውን ሞላው። ወዲያው ከማዶ መትረየስ መለሰልን። እንደገና መታሁ። ሞርታር ከኋላችን ወደቀ። ሦስተኛ ስመታ ሌላው ከፊታችን ወደቀ። አንዱ ከኋላ፣ አንዱ ከፊት ከወደቀ ቀጣዩ የት እንደሚያርፍ ማንም ወታደር ያውቃል።

ቀጣዩ አልመጣም። ለምን እንዳልመጣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ግርማ ጋዙን በዘንጉ ዙሪያ አፍስሶ፣ ጀርባውን ለመኪናው ሰጥቶ ተቀመጠ። «ይጠጣ» አለኝ። «ግማሽ ሰዓት ዝም ብለን እንተኛ። እነሱም ዝም ይላሉ፣ ብረቱም ይለቃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

ትክክል ነበር። ሥራው የእኔ ነው፤ ከእሱ በላይ አውቀዋለሁ። ዝገት በጉልበት አይለቅም። ጋዝ ጠጥቶ ሲቆይ፣ ከዚያ እንጨት ደግፎ ዙሪያውን ቀስ እያሉ ሲነኩት ይለቃል። ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው። ከሁለት ሰዓት በላይ ቀርቶናል። እኔ ግን ቀጣዩን ሞርታር ብቻ ነበር የማዳምጠው። ከዚያ በፊትም ፈርቼ አውቃለሁ፤ ፈርቼም ሥራዬን እሠራ ነበር። የዚያን ቀን ግን ለፍርሃቴ ሰበብ አገኘሁለት።

«እምቢ ብሏል፤ እንሂድ» አልኩት።

አየኝ። መፍቻዎቼን ሰብስቦ ተከተለኝ።

ከሦስት ሰዓት ተኩል በፊት ሻምበሉ ፊት ቆምን። «ብረቱ እምቢ አለ፣ ጓድ ሻምበል። ዝጎ አንድ ሆኗል» አልኩ።

ሻምበሉ ወደ ግርማ ዞረ። «እውነት ነው?»

«መካኒኩ እሱ ነው» አለ ግርማ።

መድፉ በምንም መንገድ ለጠላት እንዳይቀር ትእዛዝ ነበረ። ከየት ይፈታ ሲባል የግርማን መኪና ያሳየሁት እኔው ነኝ። የእሱ ሞዞ ሁለቴ ብወዘውዘው እጄ ላይ ወደቀ። በየወሩ እየፈታ ግራሶ ይቀባው ነበርና። ያን ሁሉ ጊዜ የተንከባከበው መኪና ለመፈታት እንዲያ ቀለለ።

አሥራ አንድ ቁስለኞች ነበሩን። መቀመጥ የሚችሉትን አምስቱን ከጥይት ሳጥኖቹ በላይ ጫንናቸው። ስድስቱ ተኝተው ካልሆነ የሚሄዱ አልነበሩም፤ ለእነሱ ቦታ አልተገኘም። ሻምበሉ «በሩ ላይ መለዋወጫ አለ። መድፉን አድርሰን፣ ኩሽኔታ ይዘን እንመለሳለን» አለ። ግርማ ከስድስቱ ጋር ቀረ። እግሩ ከጉልበቱ በታች የተመታ አንድ ቁስለኛ ከቃሬዛው ላይ ሆኖ «መካኒክ፣ ትመለሳላችሁ አይደል?» ሲለኝ «ምን ጥርጥር አለው» አልኩት። ስሙን አልጠየቅኩትም። ግርማ በድንጋይ ላይ የቆመ መኪናውን ተደግፎ «ፋራው፣ ስትመለስ ሲጋራ እንዳትረሳ» አለኝ።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣን። ሰባት ሰዓት ላይ በሩ ደረስን። ኩሽኔታው በርግጥም ነበረ፤ በዘይት ወረቀት እንደተጠቀለለ ሰጡኝ። መንገዱ ግን ተዘግቷል፤ ወደ ኋላ የሚመለስ መኪና የለም ተባለ። ሻምበሉ ለመነ። ተቆጣ። ሽጉጡን እስከ መንካት ደረሰ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከኮረብታው በኩል ተኩስ ሰማን። ብዙ አልቆየም።

በሳምንቱ ቦታውን መልሰን ስንይዝ አገኘናቸው። ሁሉንም አንድ ላይ ቀበርናቸው። ሜዳው ላይ አንድ ሰዓት ታግሰን ቢሆን ኖሮ ሰባት ሰዓት ላይ ሁለቱም መኪኖች መንገድ ላይ ነበሩ። ይህን ሂሳብ ስንት ጊዜ እንደሠራሁት እኔ ነኝ የማውቀው። አንድም ቀን የተለየ መልስ ሰጥቶኝ አያውቅም።

ሠራዊቱ ሲበተን አዲስ አበባ ገባሁና ከድልድዩ በታች ጋራዥ ተቀጠርኩ። መጀመሪያ የፈለግኩት የግርማን ቤት ነው። እናትና አባት የሉትም፤ ዘነበች የምትባል አንድ ታናሽ እህት ነበረችው። እንዴት እንደሞተ ጠየቀችኝ። ለሻምበሉ ያልኩትን ደገምኩላት፤ «ብረት እምቢ ብሎን ነው» አልኳት። ቋንቋችን ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ይመቻል። በር እምቢ ይላል፣ ሞተር እምቢ ይላል፣ ብሎን እምቢ ይላል፤ ሰውየውን የሚጠይቅ የለም።

ዘነበች አመነችኝ። በየዓመቱ የሙት ዓመቱን ቀን ሥላሴ ታስቀድስና ለነዳያን ዳቦ ትቆርሳለች። የመጀመሪያውን ቁራሽ የምትሰጠው ለእኔ ነው። «እንኩ ይበሉ፣ ጋሼ ታደሰ። መጨረሻ ያዩት እርስዎ ነዎት» ትላለች። ያን ዳቦ ከሠላሳ ጊዜ በላይ በልቻለሁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ የያዝኩት ነገር ላይ ነበር የሚያርፈው። አፍራለሁ፤ ደግሞ በዓመቱ እሄዳለሁ፤ ብቀር ትጠረጥራለች ብዬ።

ዘንድሮም ሄድኩ። ሰፈራቸው ፈርሶ ዳር ከተማ ኮንዶሚኒየም ከገባች ወዲህ የምትመጣው በልጇ ሚኒባስ ነው። ልጇ ሙሉጌታ የራሱ ልጆች ያሉት ሰው ነው። ከቅዳሴ በኋላ ወደ ምኒልክ አደባባይ ስንወጣ የፊት ጎማው ማጉረምረም ጀመረ። «ኩሽኔታ ነው፤ አቁም» አልኩት። ቀስ ብለን ወርደን አንድ የማውቀው ጋራዥ ገባን። ኮቴን አወለቅኩ። ጡረታ ብወጣም እጄ አልረሳም።

ሞዞው ተጣብቋል። ሙሉጌታ መዶሻ አነሣ። «ተው፣ ጋዝ አምጣልኝ» አልኩት። ዙሪያውን አፈሰስኩና «አሁን ይጠጣ» ብዬ ተቀመጥኩ። ዘነበች በርጩማ ተሰጥቷት አጠገቤ ሆና ታያለች። ግማሽ ሰዓት ያህል ስለ ኑሮ ውድነት ስናወራ ቆየን። ከዚያ ተነሥቼ እንጨት ደግፌ ከላይ፣ ከታች፣ ከጎን ነካ ነካ አደረግኩት። ወጣ።

ዘነበች ብረቱን አየች። እኔን አየች።

«ጋሼ ታደሰ፣ ያኔ ጋዝ አልነበራችሁም?»

ክፋት አልነበረበትም። ያየችውን ነው የጠየቀችው። «አልነበረንም» ማለት እችል ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ግርማ ጠርሙሱን ይዞ እንደተቀመጠ ዓይኔ ላይ መጣብኝ።

«ነበረን» አልኳት። «የያዘው ራሱ ግርማ ነው።»

ሁሉንም ነገርኳት። ሦስቱን ምት፣ የሰጠኝን ምክር፣ የቀረንን ጊዜ፣ ፍርሃቴን። የግርማን መኪና ኩሽኔታ ፍቱ ያልኩት እኔ መሆኔንም ጭምር። ሙሉጌታ ሥራውን አቁሞ ቆሟል።

ስጨርስ ዘነበች «እንደምትዋሽ ግርማ ያውቅ ነበር?» አለች።

«ያውቅ ነበር።»

«ለሻምበሉም አልተናገረም?»

«አልተናገረም።»

ነጠላዋን አስተካከለች። «ዝም ያለልህ እንዳትረሸን ነው» አለችኝ። «እኔን ስትዋሸኝ እንድትኖር አይደለም።»

በዚህ ሁሉ ዓመት «አንተ» ብላኝ አታውቅም። ከስድብ ሁሉ ይህ ከበደኝ፤ የሚገባኝም ነበር።

«የሌሎቹንስ ቤተሰብ ታውቃቸዋለህ?»

«የሁለቱን ነው የማውቀው።»

«ሂድና ንገራቸው» አለችና ሚኒባሱ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። እኔ አዲሱን ኩሽኔታ አስገብቼ ጎማውን አሰርኩ። ሙሉጌታ «እናድርስዎት» አለኝ፤ እሷ ግን ዞር ብላም አላየችኝ። በእግሬ ሄድኩ።

ከሁለቱ ቤተሰቦች አንዱን አግኝቼ ነግሬያለሁ። የሟቹ ወንድም እስከ መጨረሻው ሰምቶኝ በሩን ከፈተልኝ፤ ወጣሁ። የሁለተኛው ሰፈር ፈርሷል፤ ወዴት እንደሄዱ የሚያውቅ ሰው እየጠየቅኩ ነው። የአራቱን ግን ስማቸውን አላውቅም። በዚያን ጊዜ መዝገብ የሚይዝ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

የሞቱት ሰባት ናቸው። አንዱ ግርማ ነው። አንዱ አገጩ ላይ ጠባሳ ነበረው። አንዱ እግሩ ከጉልበቱ በታች የተመታው ነው። አንዱ ገና ጢም ያላወጣ ነበር። የቀሩትን በብርድ ልብስ ተሸፍነው ነው ያየኋቸው። አባቱ ወይም ወንድሙ ከአንድ ኮረብታ ጀርባ መኪና ሲጠብቅ እንደቀረ የተነገረው ሰው ይህን ቢያነብ፣ መንገድ ተዘግቶ ነው፣ ብረት እምቢ ብሎ ነው የሚለውን አይመን። መኪናው ያልመጣው እኔ ስለፈራሁ ነው።