በአባቴ ራስ ላይ የተሰመረው መስመር

አባቴ መናኸሪያ አካባቢ ልብስ ሰፊ ነበር። ሚሊኒየሙን ካከበርን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቀኝ እጁ መቀስ መጣል ጀመረ። በሲቲ ስካን ሲታይ ራሱ ውስጥ በግራ በኩል ዕጢ ተገኘ። የተቀመጠው ደግሞ እጅን ከሚያዘው ቦታ አጠገብ ነው፤ ሐኪሙ ትንሽ ቢስት መቀሱ ለዘላለም ይቀራል።

ከቀዶ ጥገናው በፊት በነበረው ከሰዓት ራሱን ላጩት። ሐኪሙ የሲቲ ስካኑን ፊልም መስኮት ላይ አስደግፎ እያየ፣ በሜትር እየለካ፣ ዕጢው ያለበትን ቦታ በወይን ጠጅ ማርከር ከበበው።

«እርስዎ ዝም ብለው ይቀመጡ» ይለዋል። አባቴ ደግሞ ዝም የሚል ሰው አይደለም።

«ዶክተር፣ ለዚህስ ጠመኔ ይሻል ነበር» አለው። ከዚያም ከጆሮ ስንት፣ ከቅንድብ ስንት እያለ ልኩን ጠየቀ። ሐኪሙ እየሳቀ ነገረው። እኔ አፈርኩ።

በማግስቱ ማለዳ ራሱን ሳየው ቀለም፣ ላብ፣ የጸጉር ብናኝ። እኛ ቤት ሐኪም ዘንድ ታጥቦ መሄድ ሕግ ነው፤ ጥርስ ለማስነቀል እንኳ እግራችንን እንታጠባለን። አባቴን ማታ የሰጡት መድኃኒት እንቅልፍ አስይዞት ነበርና ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ራሱን አሸት አሸት አደረግሁት። ፎጣው ወይን ጠጅ ሲሆን ክው አልኩ።

«አባዬ፣ መስመሩን አጠብኩት።»

ዓይኑን ገልጦ አየኝ። «ጨርቁ ሳይቆረጥ ጠመኔ ይራገፋል?» አለኝ።

ሐኪሙ ሲመጣ እያለቀስኩ ነገርኩት። አልተቆጣም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ፊልሙን እንደገና ሲያወጣ አባቴ ከአልጋው ሆኖ «ከጆሮ ጫፍ ወደ ላይ ዘጠኝ፣ ከቅንድቦቼ መካከል ወደ ኋላ አስራ ሰባት» አለ። ዕድሜውን ሙሉ የደንበኛ ልክ በቃሉ የሚይዝ ሰው ነው። ሐኪሙ ከፊልሙ በራሱ መንገድ ለክቶ ነጥብ አደረገ። ከዚያ ሜትሩን አባቴ ባለው ቁጥር ዘረጋ። እዚያው ነጥብ ላይ አረፈ።

እኔ ውጪ አግዳሚ ወንበር ላይ የማውቀውንም የማላውቀውንም ጸሎት ጸለይኩ፤ ንጽሕናዬንም ረገምኩ። ቀዶ ጥገናው ካበቃ በኋላ አባቴ ሲነቃ ጣቶቼን ቀኝ መዳፉ ውስጥ ከተትኩ። ጨበጠኝ፤ ያውም እስኪያመኝ። እፎይ አልኩ። ታቦር ወዳለው ቤታችን በባጃጅ ስመለስ ብቻዬን እስቅ ነበር፤ ሹፌሩ በመስታወት እየሰረቀ ያየኛል።

ዛሬ ሐኪሞች የሚያደርጉት መነጽር አለ አሉ፤ የውስጡን ሥዕል በሕመምተኛው ገላ ላይ አድርጎ ያሳያል። ስሰማ ደስ አለኝ። ያንን ማንም በሳሙና አያጠፋውም።

ቤት ገብቶ ቁስሉ ሲደርቅ ሐኪሙ መታጠብ ፈቀደለት። እኔ ግን ውሃውን ይዤ ቆምኩ፤ እጄ ወደ ራሱ አልሄድ አለኝ። አባቴ ጎንበስ ብሎ ራሱን አቀረበልኝ።

«በይ እጠቢ» አለኝ። «አሁንማ ተሰፍቷል።»