ለእንግዳ የተጠረገው ጫካ

ተረፈን አልወደውም። ከወዲሁ ልንገራችሁ፣ በኋላ ልቡ ራርቶለት ነው እንዳትሉኝ። ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችውን የእኛን ቀበሌ ሰው ሁሉ ጠይቁ፤ እንደ እሱ ያለ ግትር አልተፈጠረም። ሰላም ስትለው መሬት መሬት ያያል። ለቅሶ ቤት ተቀምጠህ እንኳ ጫማህን አይቶ፣ ይሄ የወንዝ ማዶ ጭቃ ነው፣ እዚያ ምን ትሠራ ነበር ይልሃል። ምን አገባህ!

አባቱ ወጥመድ በማጥመድ የታወቁ ሰው ነበሩ፤ ልጁም ጫካውን እንደ ጓሮው ያውቀዋል። የጫካ ጥበቃ ፕሮጀክቱ ሲመጣ የቡና ለቃሚዎች ማኅበራችን ጠባቂ አድርጎ የቀጠረው ለዚህ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በየወሩ፣ ከወንዙ እስከ ኮረብታው በአንድ መስመር እየሄደ የድኩላና የሚዳቋ በጠጥ ሲቆጥር ኖረ። አዎ፣ በጠጥ። እንስሳቱ ሰው ሲያዩ ስለሚሸሹ የሚቆጠረው የጣሉት ነው። እኛ እንስቅበት ነበር። ሚስቱ ሚርያም ገበያ ስትወጣ፣ ባልሽ ዛሬ ስንት ቆጠረ እያልን እናበሽቃት ነበር።

ሳቁ ያለቀው ስምምነቱ ሊታደስ ሲል ነው። ከጫካው ቡና የምንለቅመው ከፕሮጀክቱ ሰዎች ጋር በስምምነት ነው፤ እኛ ዛፍ አንቆርጥም፣ ወጥመድ አናስጠምድም፣ እነሱ ደግሞ ለቀማውን ይፈቅዱልናል። በየሦስት ዓመቱ ጥበቃው ሠርቷል ወይስ አልሠራም ተብሎ ይመዘናል። እንስሳቱ ከቀነሱ ጫካው ይዘጋል። እኔ ሀይደር ሱቅ አለኝ፤ ሱቁን ያቆመው ግን ቡናው ነው። ልጄን ኢክላስን ያስተማርኳት በቡና ነው። ጫካው ተዘጋ ማለት እኔ ተዘጋሁ ማለት ነው። ስምምነቱ ሲጀመር በሰኔ በተደረገው ቆጠራ መስመሩ ላይ የተገኘው ሃያ ሦስት ክምር ነበር። ከዚያ ማነስ የለበትም።

መዛኟ ሰርካዲስ የምትባል ባለሙያ በመስከረም መጨረሻ ትመጣለች ተባለ። እኛ ምን አደረግን? እንግዳ ሲመጣ ቤት አይጠረግም? ጠረግን! ገጀራችንን ይዘን ወጣንና በቡናው ሥር ያለውን ቁጥቋጦ መነጠርነው። ከለቀማ በፊት በየዓመቱ የምንሠራው ነው፤ ያን ዓመት ግን ለክብሯ ብለን የመቁጠሪያውን መስመር ግራና ቀኝ እንደ ግቢ አጸዳነው። ተረፈ መሃላችን ቆሞ ተዉ አለ፤ መጀመሪያ ባማርኛ፣ ሲናደድ በሸኮኛ። ማን ይስማው! ሥራ ጠልቶ ነው ብለን አለፍነው።

ሰርካዲስ መጣች፣ እየጻፈች መስመሩን ሄደች፣ ስልሳ አንድ ክምር ቆጠረች። ስልሳ አንድ! የማኅበራችን ሊቀመንበር አስረስ ግንባሯን ሊስማት ምንም አልቀረው። በግ ታርዷል፣ ድስቱ ተጥዷል። ጥበቃው ከእጥፍ በላይ ውጤት አምጥቷል ብላ ልትፈርም ስትል ተረፈ ከኋላ ተነሣ።

"እንስሳቱ አልበዙም" አለ። "ቁጥቋጦው ስለተመነጠረ ነው የታየሽ። በዚያ በሰኔው ቆጠራ ቅጠል ሸፍኖት ነበር። ያልተመነጠረው ጋ ልውሰድሽ።"

አስረስ ዝም አይነቅዝም እያለ በጎን ቆነጠጠው። አልሰማም፣ ወሰዳት። ገጀራ ያልነካው ውስጥ በጉልበቱ እየዳኸ ቅጠል እየገለጠ አሳያት። ያንኑ ያህል ርቀት ሄደው እስኪመሽ ያገኙት ዘጠኝ ብቻ ነበር። ሰርካዲስ ሳትፈርም ቀረች። ቁጥቋጦው ተመልሶ ሲበቅል በሰኔ እንደገና ይቆጠራል፣ እስከዚያ ለቀማ የለም ብላ ሄደች። በጉንም ማንም በደንብ አልበላውም።

ያን ዓመት ቡናው ቀላ፣ ጠቆረ፣ ረገፈ። የተረፈም ቡና አብሮ ረገፈ፤ ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። ሰው ለጥቅሙ ሲከዳኝ ይገባኛል፣ ራሱን አክስሮ የሚከዳኝን ምን ልበለው? ከእሱ ቤት ጋር እሳት እንዳንጫጫር ተማማልን። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሚርያም ጨው ልትገዛ ስትመጣ አልቋል አልኳት። ጆንያው ከኋላዬ ተቀምጦ ነበር። አየችውና ወጣች።

ሰኔ ሳይደርስ ማኅበሩ ተረፈን አሰናበተው። ማን ይተካው ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? የጠላሁትን ሰው ሥራ ወረስኩ። ሰኔ ላይ ዝናቡ መንገዱን ቆረጠው፣ ሰርካዲስም ከሚዛን መውጣት አልቻለችም። ጠባቂው ራሱ ቆጥሮ ቅጹን ይላክ ተባለ።

ቆጠርኩ። ወላሂ ቆጠርኩ። ጉልበቴ እስኪላጥ፣ አልቅት እየጠጣኝ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ዳኽኩ። ያገኘሁት ስድስት ነው። ቅጹ ላይ ሠላሳ አንድ ብዬ ጻፍኩ። ብዙም አላበዛሁት፣ እንዲታመን ብዬ ነው።

ስምምነቱ ታደሰ። ጥበቃው ውጤታማ ነው የሚል ደብዳቤ መጣ፤ አስረስ በፍሬም አሠርቶ ቢሮው ውስጥ ሰቀለው። ቡናችንን ለቀምን። ሰው ሁሉ ሀይደር ወንድ ነው አለ፣ እኔም ደስ አለኝ።

ይኸው ሁለት ዓመት ሆነ። በየወሩ መስመሩን እሄዳለሁ። ወጥመድ አገኛለሁ፣ የማን እንደሆነም አውቃለሁ። ግን እንስሳቱ በዙ ብዬ በፈረምኩበት ጫካ ወጥመድ ሞልቷል ብዬ እንዴት ልጻፍ? እፈታውና ቁጥቋጦ ውስጥ እወረውረዋለሁ። በሳምንቱ ሌላ ተጠምዶ ይጠብቀኛል።

ባለፈው ሐሙስ ከጫካ ስወጣ ተረፈን መንገድ ላይ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል ተነጋግረን አናውቅም። ቆመ፣ እንደ ልማዱም ጫማዬን አየ።

"ስንት?" አለኝ።

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። አስረስ የሚጠይቀኝ ቅጹን ነው። ልሰድበው አፌን ከፈትኩ፣ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ምንም።"

"ወረቀቱ ላይስ?"

"አርባ።"

ይስቅብኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ሐቁም ነበር። እሱ ግን መንገዱ ዳር ቁጭ አለና ሰው እንደሞተበት ሰው አለቀሰ። አጠገቡ ልቀመጥ ጉልበቴን አጠፍኩ። የአስረስ ሞተር ብስክሌት ከታች ሲመጣ ሰማሁና ቀና ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ።